ጡጦው ተቀቅሏል፣ ዱቄቱስ?

ባለፈው እትም ስለ ጡት ማጥባት ከወጣ በኋላ የመጣው ጥያቄ አብዛኛው ስለ ጡጦ ነው፣ አንዷማ "ሲስተር እርስዎ ጡት ጡት ሲሉ ይውላሉ፣ እኛ ጡጦ ላይ የወደቅነውስ?" ብላ ሞግታኛለች። ጡት የመጀመሪያው ምርጫ መሆኑ አሁንም ያው ነው፣ ስድስት ወር ጡት ብቻ፣ ከዛ ከምግብ ጋር እስከ ሁለት ዓመትና ከዛም በላይ። ግን መንታ ወልዳ ያልበቃላት አለች፣ ስራ የጠራት አለች፣ እናቱን ያጣ ህፃንም አለ፣ እነሱን ተቆጥቶ መሸኘት ነርስነት አይደለም። ስለዚህ ዛሬ ሙሉውን ለጡጦ ሰጥቼዋለሁ። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፣ ስም አላወጣሁም።

ጥያቄ፦ ሰላም ሲስተር እንዴት ነዎት። ልጄ ሁለት ወር ሊሞላው ነው፣ ጡቴ ስላልበቃው ፎርሙላ እጨምርለታለሁ። ጡጦውን ጠዋት ጠዋት በድስት 10 ደቂቃ እቀቅለዋለሁ፣ ከዛ በቧንቧ ውሃ ለቅለቅ አርጌ በንፁህ ፎጣ አደርቀውና ቁምሳጥን ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። ውሃ ማታ አፍልቼ ይቀዘቅዝና ቀኑን ሙሉ በሱ እበጠብጣለሁ፣ ሌሊት እንዳልቸገር ደሞ ከመተኛቴ በፊት አንድ ጡጦ በጥብጬ ራስጌዬ አስቀምጣለሁ። ሁለቴ ተቅማጥ ይዞት ሐኪም ቤት ሄድን። ምን እያጎደልኩ ነው? (ከአያት፣ አዲስ አበባ)

መልስ፦ እመቤት፣ መቀቀሉን አሳምረሽ ይዘሽዋል፣ ነገሩ የሚበላሸው ጡጦው ከድስቱ ከወጣ በኋላ ነው። የተቀቀለ ጡጦ በቧንቧ ውሃ ለቅለቅ ሲደረግ ያ ሁሉ ድካም ገደል ገባ ማለት ነው፣ በተለይ ውሃችሁ በፈረቃ የሚመጣና ከሮቶ የሚወርድ ከሆነ፣ ሮቶው መጨረሻ መቼ እንደታጠበ እንኳን አንቺ አከራይሽም አያውቁትም። ፎጣውም ለዓይን ነው እንጂ ንፁህ የስንቱን እጅ ጠርጓል። ከተቀቀለ በኋላ ውሃውን ማራገፍ ብቻ ነው፣ አይለቀለቅም አይጠረግምም። ወዲያው የማትጠቀሚበት ከሆነ እጅሽን በሳሙና ታጥበሽ ጫፉንም ቀለበቱንም ክዳኑንም ገጥመሽ ታስቀምጪዋለሽ። ተከፍቶ ቁምሳጥን ውስጥ ካደረ ግን ጠዋት እንደገና መቀቀል ነው፣ የአዲስ አበባ በረሮ እንደሆነ ቁምሳጥን ተዘጋ ብሎ አይመለስ።

ከመቀቀሉ በፊት ስላለው እጥበት አልጻፍሽልኝም። ወተት ቅባት አለው፣ ደርቆ የተጣበቀ ወተት ከስሩ ያለውን ጀርም ከሙቀቱ ይከልለዋል፣ ስለዚህ ልጁ ጠጥቶ እንደጨረሰ ወዲያው ሁሉንም ፈታትተሽ በሙቅ ውሃና በላርጎ፣ ለጡጦ ብቻ በተለየ ብሩሽ እጠቢው፣ ወጥ ድስት በሚታጠብበት ስፖንጅ አይሆንም። ጫፉን ገልብጠሽ እሺው፣ ቀለበቱ የሚጠመዘዝበት ቦታ ላይ ደሞ ጥፍርሽን አሳርፊበት፣ የሚያንሸራትት ነገር ከነካሽ አልፀዳም። ድስት ውስጥ ስትከቺው ውሃው ሙሉ በሙሉ ይሸፍነው፣ አየር ይዞ የሚንሳፈፍ ጡጦ ግማሹ ሳይቀቀል ነው የሚወጣው።

አሁን ብዙ እናቶች ወደማያውቁት ነገር ልምጣ። ሁላችንም ጡጦው ላይ ነው የምንዘምተው፣ ዱቄቱን ግን ማንም አይጠረጥረውም፣ ታሽጎ የመጣ የፋብሪካ እቃ ነዋ። ዱቄት ወተት ግን ከጀርም ነፃ ተደርጎ የተሰራ አይደለም፣ በጣም ጥሩ የሚባለው ፋብሪካም ቢሆን ዱቄትን ሙሉ በሙሉ ከጀርም ማፅዳት አይችልም። አልፎ አልፎ ሳልሞኔላ ይገኝበታል፣ ሌላ ክሮኖባክተር የሚባል ደሞ አለ፣ ይሄኛው ደረቅ ዱቄት ውስጥ ለብዙ ጊዜ አድፍጦ መቆየት ይችላል። በሽታው ብዙ ጊዜ አያጋጥምም፣ ሲያጋጥም ግን ከሁለት ወር በታች ያለውን፣ ያለ ቀኑ የተወለደውን፣ ኪሎው ያነሰውን ህፃን ነው ደሙ ውስጥ ገብቶ ወይ ማጅራት ገትር ሆኖ የሚጥለው። ለዛ ነው የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት 2007 እ.ኤ.አ. ላይ ባወጡት መመሪያ ዱቄቱ ሲበጠበጥ ውሃው ከ70 ዲግሪ በታች አይሁን ያሉት። ሙቅ ውሃ የሚፈለገው ዱቄቱ እንዲሟሟ ብቻ አይደለም፣ ዱቄቱ ውስጥ ያለውን ጀርም እንዲገድል ነው። አንቺ ማታ ፍልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ስትበጠብጪ ውሃው ንፁህ ነው፣ ዱቄቱን ግን የነካው የለም፣ እንደውም ለብ ያለ ወተት ለጀርም ምቹ ቤት ነው።

የራስጌው ጡጦ ከዛሬ ጀምሮ ይቅር። የተበጠበጠ ወተት ክፍል ውስጥ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቀመጥም፣ ልጁ አንዴ አፉን ካስገባበት ደሞ በአንድ ሰዓት ውስጥ ያለቀው አለቀ የተረፈው ይደፋል። ለሌሊት እንደዚህ አርጊ፣ ለህፃኑ ብቻ የምትለዪው ፔርሙዝ ይኑርሽ (የቡናውን ወይ የሻዩን ፔርሙዝ አይደለም)፣ ማታ የፈላ ውሃ እስከ አፉ ሞልተሽ ግጠሚው፣ ሙሉ የሆነ ደህና ፔርሙዝ ለብዙ ሰዓት ከ70 በላይ ይይዛል። ጎኑ የተቀቀለና የተገጠመ ባዶ ጡጦ፣ የዱቄቱ ጣሳ ከነማንኪያው። ሲነሳ እጅሽን ታጠቢ፣ መጀመሪያ ውሃውን እስከ ልኩ ጡጦው ላይ፣ ከዛ ዱቄቱን በጣሳው ማንኪያ ሳትጠቀጥቂ በንፁህ ቢላ ጀርባ ጠርገሽ፣ ግጠሚና አወዛውዢ። ትኩስ ስለሆነ ጡጦውን ቀዝቃዛ ውሃ ያለበት ሳህን ውስጥ ከአንገቱ በታች ንከሪው፣ ከዛ የእጅሽ አንጓ ላይ ጠብ አርገሽ ለብ ማለቱን ሳታዪ እንዳትሰጪው፣ በእንቅልፍ ልብ አፍ የተቃጠለ ህፃን አይቻለሁ።

ተቅማጡ ከተመለሰ ደሞ በዚህ እድሜ ቤት ውስጥ አይጠበቅም። ትኩሳት 38 ከደረሰ፣ አልጠባም ካለ፣ ከፈዘዘ፣ ካንቀጠቀጠው ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ቤት ነው።

ጥያቄ፦ ሲስተር እኔ አባት ነኝ፣ የልጄን ወተት የምበጠብጠው እኔ ነኝ (ባለቤቴ ኦፕራሲዮን ሆና ነው)። ዩቲዩብ ላይ ውሃው ከፈላ በኋላ ግማሽ ሰዓት አስቀምጠህ ዱቄቱን ጨምር ይላሉ፣ ትክክል ነው? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ በርታ ወንድሜ። ግማሽ ሰዓት የሚለው ትክክል ነው ግን ለደብረ ብርሃን አይደለም። ምክሩ የመጣው ውሃ 100 ዲግሪ ላይ ከሚፈላበት አገር ነው፣ እዛ አንድ ሊትር አፍልተህ ግማሽ ሰዓት ብታስቀምጠው ከ70 በላይ ሆኖ ይቆይሃል። አንተ ያለህበት ከባህር ጠለል 2800 ሜትር ገደማ ነው፣ ከፍታ ሲጨምር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውሃው 90 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል፣ አዲስ አበባም 92 አካባቢ ነው። ከ90 ጀምሮ ወደ 70 ለመውረድ መንገዱ አጭር ነው፣ ከተማህ ደሞ ብርዷን አንተ ታውቃታለህ፣ አንተ የምታፈላውም አንድ ሊትር ሳይሆን ምናልባት ሁለት ኩባያ ነው። ግማሽ ሰዓት ከጠበቅክ ለብ ያለ ውሃ ነው የሚጠብቅህ። ማንቆርቆሪያው እንደተከደነ ጥቂት ደቂቃ አስተንፍሰውና በጥብጥ፣ አስር ደቂቃ አይሙላው። የኩሽና ቴርሞሜትር ካገኘህ ግምቱ ሁሉ ይቀርልሃል።

ሌላው የከፍታ ጉዳይ ማፍላቱ ነው። ቆላ ላይ ውሃ ተንተክትኮ አንድ ደቂቃ ቢፈላ ይበቃል፣ ከ2000 ሜትር በላይ ሲሆን ግን ሶስት ደቂቃ ይንተክተክ ነው የሚባለው። ስታፈላ ፌስቡክህን ከፍተህ ሶስት ደቂቃ ማሳለፍ አያቅትህም መቼም። በኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ ከሆነ እንደፈላ ጠቅ ብሎ ስለሚጠፋ ወይ ደጋግመህ አብራው ወይ በድስት አፍላ።

ጥያቄ፦ እኛ አካባቢ ውሃ ጥርስ ያበልዛል ይባላል፣ የኔም የባለቤቴም ጥርስ እንደዛ ነው። ለህፃኗ ወተት በደንብ አፍልተን ብንጠቀም ይጠፋል? (ከባቱ)

መልስ፦ አይጠፋም፣ ይብሳል። ጥርስ የሚያበልዘው ፍሎራይድ ነው፣ ፍሎራይድ ደሞ ጀርም አይደለም እሳት አይገድለውም፣ እንደውም ውሃው እየተነነ ሲያንስ ፍሎራይዱ እዛው ይቀራል። በስምጥ ሸለቆ ብዙ የጉድጓድ ውሃ ላይ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው 1.5 ሚሊግራም በሊትር በላይ ይገኛል። ጡጦ ብቻ የሚጠጣ ህፃን ከኪሎው አንፃር ብዙ ውሃ ነው የሚጠጣው፣ ቋሚ ጥርሶቹ ደሞ ገና ድዱ ውስጥ እየተሰሩ ያሉት በነዚሁ ዓመታት ነው፣ በኋላ ሲበቅሉ በልዘው የሚወጡት ለዛ ነው፣ ሲበዛም አጥንት ይጎዳል። ተራ የአሸዋ ማጣሪያም ሆነ ውሃ አጋር ፍሎራይድ አይነካም። በአጥንት ከሰል የሚሰራ የፍሎራይድ ማጣሪያ ያለበት ቦኖ አካባቢያችሁ ካለ ከዛ ቅዱ፣ ክረምት ላይ ከንፁህ ቆርቆሮ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃም ይሆናል፣ ካልሆነ የታሸገ ውሃ ግዙና መለያው ላይ ፍሎራይድ የሚለውን ቁጥር እዩ። የትኛውም ቢሆን ለህፃን ሲሆን ይፈላል። አምቦ ውሃ ግን በምንም አይነት አይሆንም፣ ማዕድኑም ጋዙም ለህፃን አይደለም፣ ይሄን የምለው የሚያደርግ ስላለ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ እናትየው ያንኑ ውሃ ብትጠጣም ወደ ጡቷ ወተት የሚያልፈው ፍሎራይድ እጅግ ትንሽ ነው። ጡት የሚቻል ከሆነ ባቱ ላይ ይሄ ራሱን የቻለ ምክንያት ነው።

ጥያቄ፦ ሲስተርዬ ሰላም ነው፣ ዱባይ ሰው ቤት ነው የምሰራው፣ የማሳድገው ህፃን አምስት ወሩ ነው። ማዳም በታሸገ ውሃ ሳይሞቅ በጥብጪለት ትላለች፣ ሙቅ ውሃ ፕሮባዮቲኩን ይገድለዋል አለችኝ። የተረፈውን ደሞ ፍሪጅ አስገብቼ በሚቀጥለው እንድሰጠው ነው የምትፈልገው፣ ውድ ነው ብላ። እኔ አገር ቤት ታናናሾቼን ያሳደግኩት አፍልቼ ነው፣ ከታመመ ደሞ ጣቱ ወደኔ ነው የሚቀሰረው። (ከዱባይ)

መልስ፦ እህቴ ሁለቱን ለያይተን እንያቸው። ስለ ሙቅ ውሃው ማዳም ከሜዳ ተነስታ አላወራችም፣ ጣሳው ላይ የተጨመረውን ጥሩ ባክቴሪያ ሙቀት ይገድለዋል፣ አንዳንድ ጣሳም ለብ ባለ ውሃ በጥብጡ ይላል። የዓለም ጤና ድርጅትና እንግሊዞች ግን አሁንም 70 ዲግሪ ነው የሚሉት፣ መጥፎው ጀርም የሚያመጣው ጉዳት ከፕሮባዮቲኩ ጥቅም ይበልጣል በሚል። አሜሪካኖቹ ትንሽ ላላ ይላሉ፣ ሁለት ወር ላልሞላው፣ ያለ ቀኑ ለተወለደውና በሽታ የመከላከል አቅሙ ለደከመው በሙቅ፣ ጤነኛ ትልቅ ህፃን ጣሳው እንደሚለው። ልጁ ጤነኛ የአምስት ወር ከሆነ በዚህ ብትጣሉ አልመክርሽም፣ ግን የታሸገ ውሃ ማለት ከጀርም ነፃ ማለት አይደለም፣ ቢያንስ አፍልተሽ አቀዝቅዢው፣ መለያው ላይም ሶዲየሙ ከ200 ሚሊግራም በሊትር በታች መሆኑን እዪ።

የተረፈው ወተት ላይ ግን ድርድር የለም። ልጁ ሲጠባ ምራቁ ወደ ጡጦው ይመለሳል፣ ከዛ በኋላ ፍሪጅም አያድነውም። ያልተነካ፣ ተበጥብጦ ወዲያው ፍሪጅ የገባ ወተት ነው እስከ 24 ሰዓት የሚቆየው፣ እሱም ፍሪጁ 5 ዲግሪና ከዛ በታች ከሆነና ወደ ውስጥ ከተቀመጠ፣ በር ላይ አይደለም። የዱባይ ሙቀት ላይ መኪና ውስጥ የቆየ ጡጦማ ሁለት ሰዓቱንም አልሰጠውም። ለማዳም ባንቺ አፍ አትንገሪያት፣ እዛ የሚሸጥ ጣሳ ሁሉ አረብኛ አለው፣ የተረፈውን ይድፉ የሚለውን መስመር በጣትሽ አሳያት፣ ወይ ልጁ ለክትባት ሲሄድ ዶክተሩን እሷ ባለችበት ጠይቂው። ብክነቱን የምትፈራ ከሆነ ደሞ መላው ቀላል ነው፣ መጀመሪያ ትንሽ ትንሽ በጥብጪ፣ ካልጠገበ ይጨመርለታል።

ጥያቄ፦ የወተቱ ዋጋ ሰማይ ነካ። ሴት ልጄ አራት ወሯ ነው፣ በሶስት ማንኪያ ፋንታ ሁለት ማንኪያ ባደርግና ውሃውን እንደነበረ ብተወው ትጎዳለች? ወይስ ወደ ላም ወተት ወይ ወደ ኒዶ ልዙር? (ከአዳማ)

መልስ፦ ወንድሜ ጭንቀትህ ይገባኛል፣ ግን ትጎዳለች። ሆዷ በውሃ ይሞላል፣ አታለቅስም፣ ጠግባ ነው ትላለህ፣ ኪሎዋ ግን ቁልቁል ነው። ከዛ የከፋው ውሃ ሲበዛባት ደሟ ውስጥ ያለው ጨው ይቀጥናል፣ ይሄ ህፃንን ያንዘፈዝፋል። በተቃራኒው "እንድትወፍር" ብለው ማንኪያ የሚጨምሩም አሉ፣ እሱም ድርቀትና የሆድ ድርቀት ነው ትርፉ። ልኩ ልክ ነው።

የላም ወተት ከአንድ ዓመት በፊት እንደ ዋና መጠጥ አይሰጥም፣ ብረቱ ትንሽ ነው ደም ማነስ ያመጣል፣ ፕሮቲኑና ጨው ነገሩ ለትንሿ ኩላሊቷ ከባድ ነው፣ በውሃ ማቅጠን ደሞ ምግቡን ይቀንሳል እንጂ ችግሩን አያስተካክልም። ኒዶና መሰሎቹ ያው የላም ወተት ናቸው የደረቁ፣ የጣሳው መመሳሰል ነው ሰውን የሚያሳስተው።

ገንዘብ የሚቆጠበው ሌላ ቦታ ነው። "ጎልድ" "ፕላስ" የሚል ስላለበት ውዱን መግዛት የለብህም፣ ቁጥር 1 የተባለ ከውልደት ጀምሮ የሚሆን ፎርሙላ ሁሉ ዋናው የምግብ ይዘቱ ተመሳሳይ ዓለም አቀፍ መስፈርት ማሟላት ስላለበት፣ ህጋዊ እስከሆነና ቀኑ እስካላለፈ ድረስ ርካሹም ይሰራል። ስድስት ወር ሲሞላት ምግብ ትጀምራለች፣ የወተቱ ፍላጎት ቀስ እያለ ይቀንሳል። አንድ ዓመት ሲሞላት ቁጥር 3 የሚባለውን ጭራሽ አትግዛ፣ ያኔ ፈልቶ የበረደ የላም ወተት ይበቃታል። እናትየው ጡት ካቆመች ብዙ ካልቆየች ደሞ ልትመልሰው ትችል ይሆናል፣ ልጅቷ ቶሎ ቶሎ በጠባች ቁጥር ወተቱ ይመጣል፣ ቀላል ነው አልልህም፣ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ልጅቷም ትመዘን፣ አጠባቡም ይታይ።

ጥያቄ፦ ልጄ እንደምን አለሽ፣ እኔ የስምንት ልጆች እናት ነኝ። አሁን የልጅ ልጅ አይቻለሁ እግዚአብሔር ይመስገን። ምራቴ ግን የአብሽ ውሃ አትስጪ፣ ማር አታልሺ፣ ጡጦው ላይ አጥሚት አትጨምሪ ብላ አስቸገረችኝ፣ የጡጦውን ጫፍ በጋለ መርፌ ብሰፋለት እሱንም ወርውራ ጣለችው። እኛ ያሳደግናቸው ሞቱ እንዴ? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ እማማ እንኳን ለልጅ ልጅ አበቃዎት። ስምንት ልጅ ያሳደገ እጅ ላይ እኔ ምን እላለሁ፣ ግን በዚህ ምራትዎ እውነት አላት። ከሁሉ በፊት ማሩን ይተዉልኝ፣ ዓመት እስኪሞላው ጣት ነክሮ ማላስም ቢሆን። ንፁህ የጎጃም ማር ውስጥ ሳይቀር ለትልቅ ሰው ምንም የማይለው የጀርም ዘር ሊኖር ይችላል፣ የህፃን አንጀት ውስጥ ሲገባ ግን ይበቅልና መርዝ ይለቃል፣ ህፃኑን ያልፈሰፍሰዋል፣ ትንፋሽም ይከለክላል፣ ይሄ ጀርም በማፍላትም አይሞትም። አብሹም ቅቤውም ጤና አዳሙም ከስድስት ወር በፊት ሆዱን ይይዙበታል፣ ከወተቱ ይቀንሱበታል። አጥሚቱን ለእናትየው ይስሩላት፣ እሷ ትጠንክርበት።

መርፌው ደሞ እንዲህ ነው፣ ቀዳዳው ሲሰፋ ወተቱ ይንቆረቆርና ትን ይለዋል፣ የተቀደደው ጠርዝም ቆሻሻ ይይዛል። ቀስ ብሎ መጥባቱ ችግር አይደለም፣ በጣም ከደከመው የሚቀጥለው ቁጥር ጫፍ ይገዛለታል። ጡጦውን ትራስ አስደግፎ ጥሎ መሄድም ያው ትን ነው፣ ቀና አርገው ክንድዎ ላይ ይዘው እርስዎ ቢያጠጡት ምራትዎም ትንሽ ታርፋለች።

ጥያቄ፦ ሲስተር ባንክ ነው የምሰራው፣ የወሊድ ፈቃዴ ሊያልቅ ነው። ጡቴን አልቤ ለሞግዚቷ ልተውላት አስቤያለሁ ግን መብራት ይጠፋል፣ እሷም ታሞቃለች ብላ እንዳታፈላው ፈራሁ። (ከባህር ዳር)

መልስ፦ በአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30 ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ነው ያለው፣ ስድስት ወር ጡት ብቻ አጥቡ ከሚለው ጋር አይገጥምም፣ ሴቶቹ ናቸው በመሃል የሚሯሯጡት። ያንቺ ሃሳብ ግን በጣም ጥሩ ነው።

የታለበ የጡት ወተት ከፎርሙላ ይታገሳል፣ ክፍሉ ከ25 ዲግሪ ካልበለጠ አራት ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ አራት ቀን፣ ፍሪዘር ውስጥ ስድስት ወር ገደማ። ባህር ዳር ከመጋቢት እስከ ግንቦት ቀን ላይ ከ25 ስለምታልፍ አራት ሰዓቱን ሙሉ አትጠብቂ። መብራት ሲጠፋ ፍሪጁ ካልተከፈተ አራት ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል፣ ስለዚህ ለሞግዚቷ የምትነግሪያት መብራት ሲጠፋ አትክፈቺ ነው። ከቢሮ ስትመለሺ በረዶ የሆነ የጄል ከረጢት ያለበት የማቀዝቀዣ ቦርሳ 24 ሰዓት ይይዝልሻል። ማሞቂያውን አንዴ አብረሻት ሆነሽ አሳያት፣ ሙቅ ውሃ ያለበት ሳህን ውስጥ እቃውን መንከር፣ ምድጃ ላይ አይጣድም፣ ማይክሮዌቭም አይገባም። ቅባቱ ወደ ላይ ተንሳፍፎ ስታየው ተበላሽቷል ብላ እንዳትደፋው፣ ዞር ዞር ቢደረግ ይቀላቀላል። ከፍሪዘር ወጥቶ የቀለጠው በ24 ሰዓት ውስጥ ያልቃል፣ ተመልሶ አይገባም።

ደሞ ጡጦ ግዴታ አይደለም። በሲኒ ይጠጣል፣ አዲስ የተወለደ ህፃን ሳይቀር፣ ሲኒ ቀዳዳ የለውም ቀለበት የለውም በሳሙናና በሙቅ ውሃ ይፀዳል። ሞግዚቷ ጭኗ ላይ ቀና አርጋ ይዛ ጠርዙን ከንፈሩ ላይ ታስነካው፣ ራሱ ነው የሚስበው፣ አፉ ውስጥ አታፍስበት። መጀመሪያ ይፈሳል፣ ከዛ ይለምዳል።

በረኪና ውስጥ መዘፍዘፍ ይቻላል ወይ ብላችሁ ለጠየቃችሁ፣ ለጡጦ ተብሎ የሚሸጥ ኪኒን ወይ ፈሳሽ ካገኛችሁ እንደ መመሪያው ቢያንስ 30 ደቂቃ ነው፣ ውሃውም በየ24 ሰዓቱ ይቀየራል፣ የሱቅ በረኪናን ግን ጥንካሬው እንደ ጠርሙሱ ስለሚለያይ በግምት አትለኩ፣ እሳት እያለላችሁ ምን አስጨነቃችሁ። እስከ መቼ ይቀቀላል ላላችሁት ደሞ በኛ ውሃ እስከ አንድ ዓመት። የተጫጫረ፣ የተሰነጠቀ፣ ጫፉ የተጣበቀና ያበጠ ይጣላል። ማይክሮዌቭ ወተት ሲያሞቅ መሃሉን አግሎ ጎኑን ለብ ያደርገዋል፣ ስለዚህ አይሆንም።

ጥያቄ፦ ሰላም ሲስተር፣ እህቴ አገር ቤት ልትወልድ ነው፣ ወተቷ ባይበቃ ብዬ ከዚህ ፎርሙላ በሰው ልልክላት ነው፣ የምጠነቀቀው ነገር ካለ ብዬ ነው። ኪሎ እንዳይበዛ ከጣሳው አውጥቼ በዚፕ ከረጢት ባደርገውስ? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ)

መልስ፦ ከጣሳው እንዳታወጪው። እርጥበትም እጅም የሚገባበት ያኔ ነው፣ ቀኑም ሎት ቁጥሩም (በየትኛው ዙር እንደተመረተ የሚለየው) ማንኪያውም ጣሳው ጋር ቀረ ማለት ነው። 2022 እ.ኤ.አ. የካቲት ላይ ሚሺጋን ስተርጂስ ያለው የአቦት ፋብሪካ ወተቶቹን ከገበያ ሲሰበስብ (ጉዳዩ ይሄው ክሮኖባክተር ነበር) ሰው ጣሳው ደህና ይሁን አይሁን የሚለየው በሎት ቁጥሩ ነበር። ከመላክሽ በፊት ቁጥሩን ፎቶ አንሺና አስቀምጪ፣ በኋላ ተሰበሰበ ሲባል እህትሽ አትሰማም፣ የምትሰሚው አንቺ ነሽ።

ትልቁ አደጋ ግን ማንኪያው ነው። አሜሪካ የሚሸጠው በአብዛኛው አንድ ማንኪያ ለሁለት አውንስ ነው፣ ማለት ለ60 ሚሊ፣ እዚህ ፋርማሲ የሚገኘው ብዙው ደሞ አንድ ማንኪያ ለ30 ሚሊ ነው። ያንቺ ጣሳ ሲያልቅ እዚህ ገዝታ በድሮው ማንኪያ ከቀጠለች ወይ ያንቺን በዚህኛው ልኬት ከበጠበጠች እጥፍ ወይ ግማሽ ይሆናል፣ ሁለቱም ህፃኑን ይጥላሉ። በአማርኛ ወረቀት ላይ "1 ማንኪያ ለ60 ሚሊ ውሃ" ብለሽ (ያንቺ ጣሳ የሚለውን አይተሽ) በትልቁ ጽፈሽ ጣሳው ላይ በፕላስተር ለጥፊ፣ ጡጦው አውንስ ብቻ ያለበት ከሆነም ሚሊ ያለበት ይግዙ። ቀኑንም አስረጂያት፣ አሜሪካኖች ወሩን ያስቀድማሉ፣ 03/11 ማርች ነው እንጂ ኖቬምበር አይደለም፣ የፈረንጅ መሆኑንም ጨምሪበት።

ከተከፈተ በኋላ በአንድ ወር ማለቅ ስላለበት አንድ ትልቅ ከምትልኪ ሁለት ትንንሽ ይሻላል፣ ያበጠና የተጨራመተ ጣሳ ሻንጣ ውስጥ አይግባ። ፈሳሹ ተዘጋጅቶ የሚሸጠው ከጀርም ነፃ ስለሆነ ያለ ቀኑ ለተወለደ ህፃን ከዱቄት ይሻላል፣ ግን ከባድ ነው፣ ለጤነኛ ልጅ ኪሎሽን አትጨርሺበት። መጀመሪያ ደሞ ትውለድና ጡቷ ይሞከር፣ ጣሳው ቁጭ ብሎ ሲያዩት ሁሉም ሰው "አልጠገበም፣ ስጪው" ማለት ይጀምራል። ቦታ ከተረፈሽ የኩሽና ቴርሞሜትር ጨምሪላት፣ እዚህ ማግኘቱ ያስቸግራል።